ለጀግና እምቢ ማለት

ዛሬ ስለ ኳስ ልጽፍ ተነሥቻለሁና አትፍረዱብኝ። ለዚያውም ዓለም ሁሉ ስለሚወደው እግር ኳስ አይደለም፤ እግር እምብዛም ስለማይነካው፣ አሜሪካኖች ግን በግድ «ፉትቦል» ብለው ስለሚጠሩት ጨዋታ ነው። ወደ ፖለቲካው መመለሴ እንደማይቀር የሚያውቁኝ ያውቃሉ። እስከዚያው ግን ከአንድ የበረዶ ሌሊት ልጀምር።

በዲሴምበር 2010 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የምኖረው በሚኒያፖሊስ ነበር። መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሒሳብ እቀበል ነበር። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሲጥል የዋለው በረዶ እሑድ ዲሴምበር 12 ንጋት ላይ ሜትሮዶም የሚባለውን ስታዲየም ጣሪያ ቀድዶ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። ጣሪያው ከጨርቅ የተሠራና በአየር ግፊት የተነፋ ነበርና ያን ሁሉ ክብደት አልቻለውም። በዚያው ቀን ሊደረግ የነበረው የሚኔሶታ ቫይኪንግስና የኒው ዮርክ ጃያንትስ ጨዋታ ወደ ዲትሮይት ተዛውሮ ሰኞ ማታ ተካሄደ። ከ1992 ጀምሮ በመደበኛው ውድድር አንድም ጨዋታ ሳያመልጠው በተከታታይ 297 ጊዜ የተሰለፈው ብሬት ፋርቭም በዚያ ማታ በትከሻው ጉዳት ምክንያት ሳይሰለፍ ቀረ።

ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ የታክሲ ሾፌር አዛውንት ነበሩ፤ ማታ ማታ ወደ መስኮቴ ጎራ ብለው የቀኑን ወሬ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ጨዋታ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ይህን አንድ ሰው ብቻ ነው። በየዓመቱ «በቃኝ» ብሎ ሲሰናበትና ተመልሶ ሲመጣ በቴሌቪዥን እየሰሙ ይገረሙ ነበር። በዚያ ሰኞ ማታም መጥተው፣ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ዛሬም አልወረደም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ የወረደ ይመስላል።»

«ምን ይወርዳል! ጣሪያው ቀደመው እንጂ» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነበር። በሳምንቱ ዲሴምበር 20 ቀን ፋርቭ እንደገና ሜዳ ገባ። ስታዲየሙ ጣሪያ አልነበረውምና ጨዋታው በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ክፍት ሜዳ ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ከቺካጎ ቤርስ ጋር ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ተከላካይ ጠልፎ ጣለው፤ ጭንቅላቱ ከጠጠረው መሬት ጋር ተላትሞ ለአፍታ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። ዕድሜው 41 ነበር። ከዚያ ወዲያ አልተጫወተም።

የጋሼ ቀልድ በአእምሮዬ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሀገራችንን ለቀን የመጣን ሰዎች ቡና ላይ ስንቀመጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የምናነሣው ጥያቄ «ማን ይውረድ» የሚል ነው። ሰውየው ለምን አልወረደም ብለን ስንጠይቅም መልሱን ሁልጊዜ ከሰውየው ባሕርይ እንፈልጋለን፤ ስግብግብ ነው፣ ሥልጣን ጥሞታል፣ ሚስቱ ናት፣ አማካሪዎቹ ናቸው እንላለን። የብሬት ፋርቭን ታሪክ ደጋግሜ ሳስበው ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ይታየኛል። ሊጠየቅ የሚገባው ሰውየው ምን እንደሚመኝ ሳይሆን፣ ከፊቱ ቆሞ «አይሆንም» ሊለው የሚችል አካል መኖሩ ነው። አንድ ሰው በሕይወቱ ሁለት ቤት አጋጠመው። አንዱ ቤት እምቢ አለው፤ ሁለተኛው እምቢ ማለት አልቻለም። ውጤቱም ለየቅል ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ኳርተርባክ ማለት ምን እንደሆነ በጥቂቱ ልግለጽ። አሥራ አንድ ሰው ከአሥራ አንድ ሰው ጋር ይፋጠጣል። ኳሷ በአንድ ሰው እጅ ትገባለች፤ ያ ሰው ኳርተርባኩ ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊሰባብሩት እየሮጡ ሲመጡበት፣ በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። የሚወረውርለት ሰው አንዳንዴ ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ነው፤ ኳሷ ወደ ነበረበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ስፍራ ትጣላለች። በትክክል ቢወረውር ሕዝብ ያመልከዋል፤ ተቃራኒው ቢጠልፍበት ስድቡን የሚሸከመው ብቻውን ነው። በአንድ ቡድን ውስጥ ያለ ዝግጁ ዙፋን ቢኖር ይኸው ነው።

ፋርቭ (ስሙ ሲጻፍና ሲነገር አንድ አይደለም፤ የፊደሎቹን ቅደም ተከተል አትመኑ) የተወለደው በ1969 በሚሲሲፒ ግዛት ሲሆን ያደገው ኪልን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። አባቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ ነበር። በጁላይ 1990 በመኪና አደጋ ክፉኛ ተጎድቶ ከአንጀቱ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ወጣለት፤ አደጋው ሁለት ወር ሳይሞላው ግን የደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲን ቡድን መርቶ አላባማን የሚያህል ኃያል ቡድን አሸነፈ። በ1991 አትላንታ ፋልከንስ መለመለው። በዚያ አንድ ዓመት በመደበኛው ውድድር አራት ኳስ ብቻ ወረወረ። አንዷም ለወገን አልደረሰችም፤ ሁለቱ ግን ለተቃራኒ ደረሱ።

በዓመቱ የግሪን ቤይ ፓከርስ ሥራ አስኪያጅ የነበሩት ሮን ዎልፍ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍለው ወሰዱት። የሕክምና ምርመራው የዳሌ አጥንቱ ችግር እንዳለበት ቢያሳይም ውሳኔያቸውን አላጠፉም። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1992 ነባሩ ኳርተርባክ ተጎዳና ፋርቭ ተተካ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት በወረወራት ኳስ ቡድኑ ሲንሲናቲን 24 ለ 23 ረታ። በሚቀጥለው ሳምንት በቋሚነት ተሰለፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነው እንግዲህ 297ቱ የሚቆጠረው። የጥሎ ማለፉ ጨዋታዎች ሲጨመሩ 321 ይሆናል።

ክብሩን በአጭሩ ልለፈው፤ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነውና። በ1995፣ በ1996 እና በ1997 በተከታታይ የዓመቱ ኮከብ ተባለ፤ የመጨረሻውን ከዲትሮይቱ ባሪ ሳንደርስ ጋር ተካፍሎ። በጃንዋሪ 1997 ግሪን ቤይ ኒው ኢንግላንድን 35 ለ 21 አሸንፋ ከ29 ዓመት በኋላ የሻምፒዮንነት ዋንጫ አነሣች። ጨዋታ ሲያቆም ለጎል ያበቁ 508 ኳሶችን ወርውሮ ነበር፤ ይህ ቁጥር በኋላ በሌሎች ተበልጧል። በተቃራኒ የተጠለፉበት ኳሶች ቁጥር 336 ሲሆን ይህን እስካሁን የበለጠው የለም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የፈለቁ ናቸው። ሁለትና ሦስት ተከላካይ በሚርመሰመስበት መሀል፣ ሌላው ሰው በማይደፍርበት ጠባብ ቀዳዳ፣ ፋርቭ ይወረውር ነበር። አሠልጣኞቹ ሲቆጡት ሕዝቡ ይስቅ ነበር፤ «እሱ እንዲህ ነው» ይባል ነበር። «እሱ እንዲህ ነው» የምትለዋን ሐረግ አንባቢ ይያዝልኝ።

ስለ 297ቱም የሚነገረው ሁልጊዜ ጎኑ አንድ ብቻ ነው። በ1996 ከበጋው በፊት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሱሰኛ መሆኑን በአደባባይ ተናግሮ ወደ ሕክምና ማእከል ገባ። አውራ ጣቱ ተሰብሮ ተጫወተ። ዲሴምበር 21 ቀን 2003 አባቱ በድንገት ሞተ፤ በማግሥቱ ማታ ኦክላንድ ላይ ተሰልፎ 399 ያርድ ወረወረ፣ ቡድኑም 41 ለ 7 አሸነፈ። ያን ጨዋታ በቀረጻ አይቼዋለሁ፤ የተቃራኒው ደጋፊ ሳይቀር ያጨበጭብ ነበር። እኔም ያኔ ብኖርበት ባጨበጨብኩ። ሆኖም በእኛ ባህል አባቱ የሞተበት ሰው በማግሥቱ ሥራ ቢገባ ጎረቤት ምን እንደሚለው አስቡት። እዚህ ሀገር ግን የጀግንነት መለኪያው ከቦታ አለመጥፋት ሆኖ ቀርቷል። ከቦታው ጠፍቶ የማያውቅ ሰውም መጥፋትን ከየት ይማረዋል?

የተጠባባቂዎቹን ስም ብቻ ማየት ይበቃል። ማርክ ብሩኔል፣ ማት ሃሰልቤክ፣ አሮን ብሩክስ፣ ሁሉም ከፋርቭ ኋላ ተቀምጠው ተራቸው እንደማይደርስ አይተው ወይም ተሸጠው ሄዱ፤ ሁሉም በሌላ ቡድን ቋሚ ሆኑ። ከርት ዋርነር በ1994 ከልምምድ ተሰናብቶ በአንድ ሱፐርማርኬት ዕቃ እየደረደረ ኖረ፤ በ2000 መጀመሪያ ላይ ከሴንት ሉዊስ ቡድን ጋር ሱፐር ቦውልን አሸነፈ። አንድ ሰው ለ16 ዓመት ወንበር ሲይዝ ከኋላው የሚያልፈውን ችሎታ የሚቆጥር የለም።

አሁን ወደ 2008 ልምጣ፤ ለእኔ የታሪኩ ልብ ያለው እዚያ ነውና።

ጃንዋሪ 20 ቀን 2008 በግሪን ቤይ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ነበር። ያሸነፈው ወደ ሱፐር ቦውል የሚያልፍበት ጨዋታ በእኩል ነጥብ አልቆ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገረ። ፋርቭ ወረወረ፤ የኒው ዮርክ ጃያንትሱ ኮሪ ዌብስተር ጠለፈ፤ ጃያንትስ 23 ለ 20 አሸነፈ። በማርች ወር ፋርቭ በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። ቡድኑ ቃሉን ተቀበለ። በጁላይ ሐሳቡን ለወጠ፤ ልመለስ አለ።

እዚህ ላይ ግሪን ቤይ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። የከተማዋ ሕዝብ ከመቶ ሺህ ብዙም አይበልጥም። በኤን ኤፍ ኤል ውስጥ ካሉት 32 ቡድኖች መካከል ባለቤቱ አንድ ከበርቴ ወይም የከበርቴ ቤተሰብ ያልሆነው ቡድን ይህ ብቻ ነው። ከ1923 ጀምሮ ቡድኑ የባለ አክሲዮኖች ንብረት ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተራ ሰዎች አክሲዮን አላቸው። አክሲዮኑ ትርፍ አይከፈልበትም፤ ወደ ገበያ ወጥቶ አይሸጥም። ከአክሲዮንነቱ ይልቅ የዕድር መዋጮነቱ ያመዝናል። ባለ አክሲዮኖቹ የዲሬክተሮች ቦርድ ይመርጣሉ፤ ቦርዱ ፕሬዚዳንት ይሾማል፤ ፕሬዚዳንቱ ሥራ አስኪያጅ ይቀጥራል። ስለ ተጫዋች የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ነው።

አስተውሉ፤ ባለ አንድ ጌታ ቡድን ቢሆን ኖሮ ፋርቭ ስልክ አንሥቶ ለጌታው ይደውል ነበር። ጌታውም ከጀግናው ጋር ፎቶግራፍ መነሣት የሚወድ ሰው ሊሆን ይችላል። በግሪን ቤይ የሚደወልለት ጌታ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ቴድ ቶምፕሰን ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ፕሬዚዳንቱ ማርክ መርፊ ሥራ ከጀመሩ ወራት ብቻ ሆኗቸው ነበር። በ2005 የመለመሉት፣ ለሦስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ የጠበቀ አሮን ሮጀርስ የሚባል ወጣት ነበራቸው። «ቦታህ ይጠብቅሃል» ብለው ቃል ገብተውለት ነበር። ፋርቭ ሲመለስ የቀረበለት መልስ በአጭሩ «ቡድኑ ወደ ፊት ሄዷል» የሚል ነበር።

ይህ ውሳኔ ዛሬ ቀላል ሊመስል ይችላል። ያኔ ግን ግማሹ ከተማ ተቆጣ። ባለ አክሲዮኖቹ ራሳቸው የፋርቭ አፍቃሪዎች ነበሩ፤ የልጆቻቸውን ስም ብሬት ያሉ ብዙ ናቸው። ወጣቱ ሮጀርስ ልምምድ ላይ ሳይቀር ተጮኸበት። በዚያ ዓመትም ቡድኑ ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው 6 ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜ ምርጫ ቢደረግ ቶምፕሰን የሚወድቁ ይመስለኛል። ሕዝብ በአንድ ሳምንት የሚሰማው ስሜትና ሕዝብ ባቋቋመው ሥርዓት በኩል የሚናገረው ነገር አንድ አይደሉም፤ ዴሞክራሲን የሕዝብ ጩኸት ከሚያደርጉት ወዳጆቼ ጋር ሁልጊዜ የምንጣላበት ነጥብ ይኸው ነው። የግሪን ቤይ ሰዎች በ1923 የሠሩት ቤት የግሪን ቤይን ሰዎች በ2008 ከገዛ ፍቅራቸው ጠበቃቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በኦገስት 2008 ፋርቭ ለኒው ዮርክ ጄትስ ተሸጠ። ከ11 ጨዋታ 8 አሸንፎ ሲያበቃ ክንዱ ተጎዳና ቡድኑ ከጥሎ ማለፉ ውጭ ቀረ። (በዚያ ዓመት ለአንዲት የቡድኑ ሠራተኛ አሳፋሪ መልእክቶችና ምስሎች ልኳል ተብሎ በኋላ ተመርምሯል። ሊጉ ክሱን የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ፣ ከምርመራው ጋር ባለመተባበሩ ግን 50,000 ዶላር ቀጣው። ለእንዲህ ያለ ሰው ይህ የምሳ ሒሳብ ነው።) በፌብሩዋሪ 2009 ዳግመኛ ጡረታ ወጣ። በኦገስት ዳግመኛ ተመለሰ፤ አሁን ግን የመጣው ወደ እኛ ከተማ፣ ወደ ግሪን ቤይ ባላንጣ ወደ ቫይኪንግስ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ዓመት እኔም ተማርኬ ነበር። 40 ዓመት የሞላው ሰው 33 ጊዜ ለጎል ሲያበቃ የተጠለፈበት 7 ጊዜ ብቻ ነው። ግሪን ቤይን ሁለት ጊዜ አሸነፈ፤ ኖቬምበር 1 ቀን የገዛ የቀድሞ ሜዳው ላይ እየተጮኸበት 38 ለ 26 ረታ። መኪና ለማቆም የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ሐምራዊ ማልያ ለብሶ ጉርሻ እየሰጠኝ ያልፍ ነበር። እኔ ራሴ «ታዲያ ግሪን ቤይ ተሳስታ አይደለም?» ብዬ ለጋሼ ተናግሬአለሁ። እርሳቸው «ቆይ እስቲ» ብቻ አሉኝ።

ጃንዋሪ 24 ቀን 2010 ኒው ኦርሊንስ ላይ እንደገና የሱፐር ቦውል ደጃፍ ነበር። ተከላካዮቹ ሲደበድቡት አመሹ፤ የኒው ኦርሊንስ ቡድን ተቃራኒን ለሚጎዳ ተጫዋች በድብቅ ገንዘብ ይከፍል እንደነበር ሊጉ በ2012 ይፋ አድርጓል። ነጥቡ 28 ለ 28 ነው፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው። ቫይኪንግስ ለማሸነፊያ ምት የሚበቃ ርቀት ላይ ደርሶ ሳለ አሥራ ሁለት ሰው አሰልፎ በመገኘቱ አምስት ያርድ ወደ ኋላ ተቀጣ። ቀጥሎ ፋርቭ ኳሷን ይዞ ወደ ቀኝ ሮጠ። ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቷል፤ ጥቂት ያርድ ሮጦ ቢወድቅ ለምቱ ይበቃ ነበር ብለው እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። እርሱ ግን እየሮጠ፣ አካሉን ወደ ቀኝ እንዳደረገ፣ ኳሷን ወደ መሀል ሜዳ ወረወራት። ትሬሲ ፖርተር ጠለፈ። ኒው ኦርሊንስ በተጨማሪው ሰዓት 31 ለ 28 አሸነፈ። በከተማችን በማግሥቱ የነበረው ዝምታ የለቅሶ ቤት ዝምታ ነበር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ዳሩ ግን በኦገስት 2010 ሦስት የቡድን ጓደኞቹ አውሮፕላን ተሳፍረው እስከ ሚሲሲፒ ሄደው ለምነው አመጡት። የሚኔሶታው ቡድን አሠልጣኝና ባለቤቶች እምቢ ማለት አልፈለጉም። ውጤቱ 11 ለጎል፣ 19 የተጠለፈ፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ያ የጠጠረ ሜዳ። በዚያው መጸው፣ በኖቬምበር 2010፣ የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የኒው ዮርክ ማራቶንን አቋርጦ እያለቀሰ ሩጫ ማቆሙን ተናግሮ፣ ሳምንት ገደማ ሳይቆይ ሐሳቡን መለወጡን አስታውቆ ነበር፤ ስለዚህ በፋርቭ ላይ መሳለቅ እኛን አያምርብንም። ልዩነቱ ሯጭ ብቻውን መሮጡ ነው። የኃይሌ መመለስ የማንንም ወንበር አልያዘም።

ግሪን ቤይስ? በፌብሩዋሪ 2011፣ ፋርቭ ከወደቀ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ያ የተጮኸበት ሮጀርስ ሱፐር ቦውልን አነሣ። የሚያስደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሮጀርስ ራሱ ሁለት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ተብሎ፣ ራሱ ዙፋን ሆኖ፣ በ2020 ቡድኑ ጆርዳን ላቭ የሚባል ወጣት ተተኪ መለመለበት። ተቆጣ፤ አኮረፈ። በ2023 እርሱም ለኒው ዮርክ ጄትስ ተሸጠ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን፣ ቡድኑ ኳስ ይዞ በተጫወተው አራተኛ እንቅስቃሴ የእግሩ ጅማት ተበጠሰ። ላቭ በዚያው ዓመት ቡድኑን ለጥሎ ማለፍ አበቃ። አንድ ጊዜ ማድረግ ዕድል ይባል ይሆናል። በ15 ዓመት ልዩነት፣ በሌላ ሥራ አስኪያጅ፣ ያንኑ መድገም ግን የቤቱ ሥራ ነው። በ2015 ደግሞ ፋርቭን ጠርተው 4 ቁጥሩን ከአገልግሎት በክብር አወጡለት፤ 67,000 ያህል ሰው በስታዲየሙ ተገኝቶ አጨበጨበ። እምቢ ያለው ቤት አላዋረደውም።

ሁለተኛው ቤት ሚሲሲፒ ነው፤ የትውልድ ግዛቱ።

ሚሲሲፒ በአሜሪካ እጅግ ድሆች ከሚባሉት ግዛቶች ዋነኛዋ ናት። የፌደራሉ መንግሥት ለድሃ ቤተሰቦች መደጎሚያ የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ ይልክላታል። እስከ 2021 ድረስ ሁለት ልጆች ያሏት አንዲት ድሃ እናት ከዚህ ገንዘብ ልታገኝ የምትችለው ከፍተኛው መጠን በወር 170 ዶላር ነበር፤ ከዚያ ወደ 260 ከፍ አለ። በ2020 የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር ባወጡት ሪፖርትና ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ ቢያንስ 77 ሚሊዮን ዶላር ከዓላማው ውጭ መዋሉ ተገለጸ። የግዛቲቱ የሰብአዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የቀድሞ ዲሬክተር ጆን ዴቪስና ገንዘቡ ይተላለፍበት የነበረው የግብረ ሠናይ ድርጅት መሥራች ናንሲ ኒው በ2022 ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል።

ከዚህ ገንዘብ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለብሬት ፋርቭ ተከፈለ። ኦዲተሩ ክፍያው ላልተደረጉ ንግግሮች ነው አሉ፤ እርሱ የሬዲዮ ማስታወቂያ ሠርቻለሁ ብሎ ተከራከረ። 1.1 ሚሊዮኑን በ2020 እና በ2021 ሁለት ጊዜ ከፍሎ መልሷል። ሌላ 5 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ልጁ መረብ ኳስ ትጫወትበት በነበረው፣ እርሱም በተማረበት በደቡባዊ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ለመረብ ኳስ አዳራሽ ግንባታ ዋለ። የመደጎሚያው ሕግ ለሕንጻ ግንባታ ማዋልን ስለሚከለክል ወጪው በኪራይ ስም ተመዘገበ። ፋርቭ ስለዚህ አዳራሽ ከግብረ ሠናይ ድርጅቷ መሥራችና ከዚያን ጊዜው የግዛቲቱ ገዥ ጋር መልእክት ይለዋወጥ ነበር። በ2022 በፍርድ ቤት ሰነድ በኩል ይፋ ከወጡት መልእክቶቹ በአንዱ፣ ገንዘብ ቢከፈለው ከየት እንደመጣና ምን ያህል እንደሆነ ጋዜጠኞች ሊያውቁ የሚችሉበት መንገድ ይኖር እንደሆነ ጠይቋል። ገንዘቡ የድሆች መሆኑን አላውቅም ነበር ይላል። በወንጀል አልተከሰሰም፤ ግዛቲቱ በ2022 ባቀረበችው የፍትሐ ብሔር ክስ ግን ከተከሳሾቹ አንዱ ነው። ገዥው የነበሩትም ጥፋት አልፈጸምኩም ብለዋል። ፍርዱን ለዳኞች እተወዋለሁ።

እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። 1.1 ሚሊዮንን ለ170 አካፍዬ አየሁት፤ ለአንዲት እናት የ539 ዓመት ድጎማ ይሆናል። ከመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ እስከ ዲሬክተሩ፣ ከዩኒቨርሲቲው አስተዳደር እስከ ግዛቲቱ ቦርድ፣ ወረቀቱ ስንት ጠረጴዛ ላይ ዐለፈ? በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ «ይህ ገንዘብ ለምን ለሚሊየነር ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መቀመጥ ነበረበት። የተቀመጠውም ሰው የፋርቭ ማልያ በቤቱ የሰቀለ ሰው ነበር፤ ወይም አለቃው የሰቀለ። የአለቃውን ጀግና እምቢ ማለት ደግሞ ከደሞዝ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ያቺ «እሱ እንዲህ ነው» የምትል ሐረግ በኳስ ሜዳ ላይ የምታስከፍለው አንድ ጨዋታ ነበር፤ ከሜዳ ውጭ ከድሃ ኪስ ታስከፍላለች። ነገሩን የገለጠውም ሥልጣን ያለው ሰው ብቻ አልነበረም። ሚሲሲፒ ቱዴይ በሚባል አነስተኛ የዜና ተቋም የምትሠራ አና ዎልፍ የምትባል ጋዜጠኛ ዓመታት ሙሉ ሰነድ ስታነብና ስትጠይቅ ኖራ ነው፤ በ2023 የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቷታል።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2024 ፋርቭ በዋሽንግተን በተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ስለ መደጎሚያው ገንዘብ ሊናገር ቀረበ። ኮሚቴው የጠራው ስለ ሥርዓቱ መሻሻል እንዲመሰክር ነበር። እዚያም የፓርኪንሰን በሽታ እንደያዘው ተናገረ። በጨዋታ ዘመኑ ጭንቅላቱ ስንት ጊዜ እንደተመታ ሲጠየቅ በመቶዎች ምናልባትም በሺዎች ሊሆን ይችላል ብሎ የተናገረ ሰው ነው። ንግግሩን በስልኬ ስመለከት አዘንኩለት፤ ማዘኔን አልደብቅም። 297ቱን ጨዋታ የተጫወተው ያ አካል ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን «ዛሬ ተቀመጥ» የሚለው ሐኪም ወይም አሠልጣኝ በበቂ ቁጥር አላገኘም፤ እኛም ከመኪና ማቆሚያው መስኮት ሆነን እናጨበጭብ ነበር።

የመረብ ኳሱ አዳራሽ ተሠርቶ አልቋል።